በቶርኖ ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት አንጎሎች

ውሃ ልክ የምንለው የእህቴ ባል፣ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ወለሉን ነበር። ጫማውን አውልቆ በተረከዙ ቀስ አድርጎ አንድ ሁለቴ ይመታል፤ ከዚያ ነው ቀና ብሎ እንደምን አላችሁ የሚለው። እህቴ በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ አፍራለች። "የሰው ቤት ገብቶ ወለል መደብደብ ምን የሚሉት ነው?" ስትለው፣ "ሰላምታ ነው፤ እሱም ይመልስልኛል" ይላል። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። ሴራሚክ ከላይ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል። ከሥሩ ሲሚንቶው በደንብ ያልያዘው ግን ሲመቱት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ዛሬ ባይሰበር ነገ ዕቃ ሲወድቅበት፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ከባድ ሰው ሲረግጠው ይሰነጠቃል። የሱ ጆሮ ያንን ድምፅ ለመስማት የተፈጠረ ነበር።

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ውሃ ልክ የግንበኛ ዕቃ ነው፤ በብልቃጧ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሃል ላይ ስትቆም ወለሉ ለጥ ያለ ነው ማለት ነው። እሱ ዕቃውን ሳይዝ በዓይኑ ብቻ ያዘነበለውን ስለሚለይ፣ "አንተማ ራስህ ውሃ ልክ ነህ" አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሰው ስም ሲያወጣ ምን ያህል እንደሚቀልድ አያውቀውም። እንደሱ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ያዘነበለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው በእህቴ ቤት የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የገባውንም የወጣውንም አይቻለሁ። ያላየሁትን እህቴ ነግራኛለች። ልብስ ሰፊ ምላስ አይጎድላትም ይሉኛል፤ ይበሉ።

አሁን ታላቅ ወንድሙን ላስተዋውቃችሁ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከእኛ በር ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ቶርኖ ቤት አላቸው፤ ብረት እየላጉ የማሽን መለዋወጫ ያወጣሉ። አባታቸው ሲሞት ውሃ ልክ ገና ልጅ ስለነበር፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አልብሰውታል፣ አስተምረውታል፣ ሲጠፋም እየዞሩ ፈልገው አምጥተውታል። ይህንን አልክድባቸውም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ካሊፐር በሚሉት የብረት መለኪያ መንጋጋ ገብቶ ያልተለካ ነገር ለእሳቸው የለም። ሌላው ሰው ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል፣ እሳቸው ካሊፐራቸውን። አንድ ጊዜ "ጋሼ፣ ራሴን አሞኛል" ብላቸው፣ "የቱ ጋ? አሳዪኝ" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ ተቆጡ።

ውሃ ልክ መጀመሪያ የታመመው ከተጋቡ በኋላ ነው፤ ወይም እኛ ያወቅነው ያኔ ነው። አንድ ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልነሳም አለ። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። በማግስቱም እንዲሁ። ክረምቱ ሙሉ በዚያው አለፈ። ሲጠሩት የሚመልሰው ቆይቶ ነበር፤ ቃል ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳ ይመስል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ እየመጣ ምክሩን ያዘንብበታል። አንዱ ሥራ የፈታ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው ይላል፤ ሌላዋ ሚስትህን አስባት እንጂ ትላለች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "የማስበውማ እሷን ነው። እኔ ብቀር ይቀላት ነበር" አለኝ። መርፌው ጣቴ ላይ ገባ።

ክሊኒክ ወሰድነው፤ ድባቴ ነው ተባለ፤ የሚዋጥ ተሰጠው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተነሳ፣ ታጠበ፣ ሳቀ። እህቴ ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ አመሰገነች፣ ምሳር ያነሱበትን ጭምር። እሱ ግን ተነስቶ በቃኝ አላለም፤ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ። መተኛት ተወ። ሲያወራ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ በአንድ ጊዜ የአራት ቤት ሥራ ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። ቀልዱ ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የሚያስፈራው ሳቁ ማለቂያ ማጣቱ ነው።

ያኔ ያነጥፍ የነበረው የአንድ አዲስ እንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ነበር። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ሊረከብ ጠዋት ሲመጣ፣ አዳራሹ ፍርስራሽ ሆኖ ጠበቀው። ውሃ ልክ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁ ደም፣ ፊቱ ፈገግታ። አንዱ ሴራሚክ ባዶ ሆኖ ተሰማው፤ እሱን ሲያነሳ አጠገቡ ያለው ተሰማው፤ እንዲህ እያለ ሁሉንም ነቀላቸው። "ሰውዬ፣ ደስ ይበልህ፤ ከሥሩ እንደገና እሠራልሃለሁ፤ ዓለም ያላየችው ወለል ነው የምሠራልህ" ይለዋል። ሰውዬው ፖሊስ ጠራ። ጋሼ ሽማግሌ ይዘው ሄደው፣ እግር ስመው አስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ በዚያ መንገድ አያልፉም። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ውርደቱ አጥንታቸው ድረስ ገብቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አእምሮ ሐኪም የሄድነው ያኔ ነው። ዶክተሯ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ብዙ ጠየቀችን። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዱን ነው።

"ከመተኛቱ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ታይቶበት ያውቃል?"

"ደስታም በሽታ ሆነ እንዴ?" አለች እህቴ።

"እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሰው የገነባውን በገዛ እጁ የሚያስፈርስ ደስታ በሽታ ነው። ይሄ ድባቴ ብቻ አይደለም፤ ባይፖላር ነው። ወዲያም ወዲህም ይወስዳል። የድባቴው መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ አንዳንዱን ሰው እንዲህ ወደ ላይ ይገፋዋል።" ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። "በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?"

"የለም" አሉ ጋሼ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

እህቴ እጄን ጨበጠችኝ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛታቸውን ውሃ ልክ ነግሯት ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የአባቱን በሽታ ለሸሸገ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሊቲየም የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት። በየጊዜው ደም እየሰጠ መጠኑ ይታያል፤ በራስህ እንዳታቋርጥ፣ በተለይ በድንገት፣ ብላ ዶክተሯ ደጋግማ አስጠነቀቀችው። መድኃኒቱ ያዘው። አልበረረም፣ አልወደቀም። ሁለት ዓመት ያህል እህቴ እንደ ሰው ተኝታ ተነሳች። ቤቱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ የደህና ሰዎች ቤት ጸጥታ።

ግን እጁ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ናት፣ ሌላ ሰው ላያያት ይችላል። ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ሴራሚክ ለሚያነጥፍ ሰው ግን እጅ ማለት እንጀራ ነው። በሁለት ሴራሚክ መሃል ያለችው መስመር እንደ ክር ቀጥ ማለት አለባት፤ የሱ መስመር መወላገድ ጀመረች። ዶክተሯ መጠኑን ቀነሰችለት፣ ለመንቀጥቀጡም ሌላ ጨመረችለት፤ ተሻለው እንጂ አልተወውም። አዳራሽ መቀበል ትቶ መጸዳጃ ቤትና ጓዳ ብቻ መሥራት ያዘ። ባልደረቦቹ፣ "ውሃ ልክ፣ አረፋህ አልቆም አለች?" ብለው ቀለዱበት። ሳቀላቸው። ቤት ሲመጣ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠ።

"አእምሮዬን ሰጥተው እጄን ወሰዱብኝ" አለኝ።

"እጅህ ባይኖር ትኖራለህ" አልኩት።

"ማን ሆኜ?" አለ። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን መልስ አልሆነም።

በዚህ መሃል ነው ዶክተሯ ስለ ጥናቱ ያነሳችው። ድባቴ ያለባቸውን፣ ባይፖላር ያለባቸውንና ጤነኞችን አንጎል በኤምአርአይ እያነሱ የሚያወዳድሩ ሰዎች አሉ፤ ፈቃደኛ ከሆንክ ግባ፤ ጤነኛ ወንድም ካለህ እሱም ቢመጣ ጥሩ ነው፣ አንድ ደም ስለሆናችሁ፣ አለችው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ካሊፐራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና ከተቱ። "አሁን ገና ሥራ ተሠራ" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ በወሬ ነው ያከሙት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከፍተው ይዩትና ይለይ።" እኔ ሳስበው ግን የፈለጉት የወንድማቸውን ብቻ አልነበረም። የአባታቸው ነገር ከእሳቸውም ራስ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ለማየት ጓጉተዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ግን ለምርመራው ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው የሄዱት እሳቸው ናቸው።

ሁለቱም ምስሉን ተነስተው መጡ። ውሃ ልክ እየሳቀ ነገረን፤ "ቱቦ ውስጥ ከተቱኝና ማሽኑ በአራቱም በኩል ያንኳኳኝ ጀመር። ጓ ጓ ጓ። እኔ ሰው ቤት ገብቼ የምሠራውን ነው የሠራብኝ።"

"ታዲያ ምን ተሰማው?" አለች እህቴ።

"ሙሉ ነኝ መሰለኝ።"

ያን ቀን ሦስታችንም ሳቅን። ያንን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው አንጀቴን ይበላኛል።

ከወራት በኋላ ጋሼ ውጤቱን አስረዱን ብለው ስለጨቀጨቁ ዶክተሯ ጠራችን። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፊልም ሰጠቻቸው። የጥናት ስለሆነ ስም የለበትም፤ ጥጉ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አስረዳች፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። የብዙ መቶ ሰው ምስል ሰብስበው አማካዩን ሲያወጡ፣ ድባቴ የተመላለሰባቸው ሰዎች ላይ አንጎል ጥልቅ ውስጥ ያለች፣ ትዝታን የምትይዝ ክፍል ጥቂት አነስ ብላ ትገኛለች። ባይፖላር ያለባቸው ላይ ደግሞ የላይኛው ሽፋን በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ትንሽ ይሳሳል። መሳሳቱ በሽታውን ያምጣው ወይስ በሽታው እሱን ያምጣው ገና አልተለየም። ልዩነቱም በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በብዙ ሰው መሃል እንጂ በአንድ ሰው ላይ አይነበብም።

"ይሄ አልገባኝም" አሉ ጋሼ። "ካለ አለ ነው፤ ከሌለ የለም ነው።"

ዶክተሯ ዘወር ብላ እኔን አየች። እኔ ረጅም ነኝ፤ ጋሼን በአንድ ጭንቅላት እበልጣቸዋለሁ። "ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ አይደል? እውነት ነው። ግን ሁለት ቁመት ብቻ ጽፈው ቢሰጡኝ፣ የቱ የእርስዎ የቱ የእሷ እንደሆነ በዚያ ብቻ ለመናገር ብሞክር እሳሳታለሁ።"

ውሃ ልክ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ወደ መብራቱ አነሷቸው። "እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ የታመመው የትኛው ነው?"

እሷም ቅን ሰው ናትና እውነቱን ተናገረች። "ከምስሉ ብቻ እኔም መለየት አልችልም።" ቀጥላም፣ በሽታውን የምናውቀው ከኑሮው ነው አለች፤ ሊቲየም በሚወስዱ ሰዎች ላይ ያ መሳሳት አነስ ብሎ እንደሚታይ፣ ምናልባትም መድኃኒቱ ሽፋኑን እየጠበቀው ሊሆን እንደሚችል ነገረችን። "እንዳያቋርጥ" አለች፣ እህቴን እያየች። ጋሼ ግን ከ"መለየት አልችልም" በኋላ ያለውን አልሰሙም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ለካ ጆሮም አይሰማም።

በማግስቱ ሁለቱ ፊልሞች በቶርኖ ቤቱ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ተሰቀሉ። በስተግራ የታላቅ፣ በስተቀኝ የታናሽ። ብርሃን ሲያልፍባቸው ሁለት ግራጫ አንጎል ከመንገድ ይታያል። ብረት ሊያስልግ የመጣው ሁሉ እየተጠራ ይፈርዳል። "ልዩነት አሳየኝ" ይላሉ ጋሼ። ሰውም አንገቱን ወዲህና ወዲያ አድርጎ፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም የለም" ይላል። "ዶክተሯ ራሷ አልችልም ብላለች እኮ" ይላሉ። አንድ ብረት ከሌላው እኩል መውጣቱን እንደሚያረጋግጡት ነው ነገሩን የያዙት። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አንዱ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ሌላውም ጤነኛ ነው።

ውሃ ልክን መስኮቱ ፊት አቁመው፣ "ተመልከት" አሉት። "አንተ ደህና ሰው ነህ። እጅህን የሚያንቀጠቅጥህ ያ መርዝ ነው።"

"ጋሼ፣ ዶክተሯ እኮ እንዳታቋርጥ ብላለች" አለ እሱ። ግን ዓይኑ የሚያየው እጁን ነበር።

"ያሳደግኩህ እኔ ነኝ እሷ?"

እህቴ መድኃኒቱን ከጋሼ ደበቀች፣ አለቀሰች፣ ለመነች። እኔ ቶርኖ ቤት ድረስ ሄጄ፣ "ጋሼ፣ ፀጥ ብሎ የኖረው መድኃኒቱ ስላለ ነው፤ ከሥር ሲሚንቶውን አውጥተው ሴራሚኩ አልተሰበረም ይላሉ?" አልኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቶርኖውን አስነሱና ድምፄን ዋጠው። በዚያው ሳምንት መድኃኒቱን ከእህቴ እጅ ተቀብለው ከብሎን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱ። "እኔ ዘንድ ይቀመጥ፤ ካስፈለገ አለ" አሉ። ዶክተሯ ስልክ ስትደውል ውሃ ልክ ራሱ አንስቶ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እመጣለሁ እያለ በጣፋጭ ቃል ሸኛት።

መጀመሪያ ላይ ጋሼ ያሉት ሆነ፤ ክፋቱም ይሄ ነው። እጁ ቀጥ አለ። ብርጭቆ ይዞ ውሃ ሞልቶ፣ ከጓዳ እስከ በር ጠብ ሳያደርግ ወስዶ አሳየን። እህቴ እንኳ ሳታምን አመነች። ለዓመታት የሰው ቤት ሲያነጥፍ የኛ ወለል ሲሚንቶ ብቻ ነበር፤ አሁን ከየሥራው የተረፈውን ሴራሚክ ሰብስቦ የፊት ክፍሉን ማንጠፍ ጀመረ። ቀለማቸው የተለያየ ነው፤ ቡናማም አለ፣ ነጭም አለ፣ አረንጓዴም አለ። እሱ ግን አሰማምቶ አስቀመጣቸው፤ መስመሩ ክር ነው። የስፌት መኪናዬን ከጥግ ወደ ጥግ እየገፋ ከሥሬ አነጠፈ። ሲጨርስ በእጁ ጀርባ አንድ በአንድ እያንኳኳ ዞረ። "ስሚ" ይለኛል፤ "አንድም ባዶ የለም።" እውነቱን ነው። እንደ ድንጋይ የሞላ ድምፅ ነበር። ጋሼ መጥተው አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወንድማቸውን ጀርባውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

እኛ ስንጠብቅ የነበረው መብረሩን ነው። ሳቁን፣ አለመተኛቱን፣ አራት ቤት ሥራ መያዙን እየጠበቅን ዓይናችንን ተክለንበት ነበር። እሱ ግን በሌላው በኩል ሄደ።

አንድ ጠዋት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ወጥቶ መጣና ወለሉ መሃል ቆመ። በተረከዙ መታ። ጎንበስ ብሎ በእጁ አንኳኳ። "ባዶ ነው" አለ።

"የቱ?"

"ሁሉም።"

ተነስቼ አንኳኳሁ። ሙሉ ነው። ሌላውን አንኳኳሁ፤ ሙሉ ነው። "ስማው እንጂ" አልኩት። ተንበርክኮ ጆሮውን ለጠፈበትና ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ያንን የመጀመሪያውን ክረምት ፊት ሆኗል። "አንቺ አይሰማሽም" አለኝ፣ ሳይቆጣ፤ ለኔ እንዳዘነልኝ ሁሉ። ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እህቴ እየሮጠች ቶርኖ ቤት ሄደች። "ጋሼ፣ መድኃኒቱን ይስጡኝ።" እሳቸው መስኮቱን አሳዩዋት። "ደክሞት ነው፤ ትንሽ ይረፍ። ያለ ነገር ቢሆን እዚህ ላይ ይታይ ነበር።" በሕይወቷ ታላቅ ሰው ተናግራ የማታውቀው እህቴ ገፍታቸው ገባች። መሳቢያውን ጎትታ ብሎኑን መሬት ላይ ዘርግፋ መድኃኒቱን አነሳች። በዚያው ለዶክተሯ ደወለች። ዶክተሯ ዛሬውኑ አምጡት አለች። አልነሳም አለ፤ ሁለታችን ልንሸከመው ሞከርን፣ አልቻልንም። ጋሼ ነገ ጠዋት ራሴ እወስደዋለሁ አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ሰማሁ። ማታ እህቴ ኪኒኑን ሰጠችው፣ ዋጠው። ግን ለወራት የተቋረጠ መድኃኒት በአንድ ኪኒን አይመለስም።

ጠዋት ጋሼ አዲሷን ሸሚዛቸውን ለብሰው ሊወስዱት ሲመጡ እሱ አልነበረም። ራሱን አጥፍቷል። እንዴትና የት የሚለውን አልናገርም፤ የጠየቀኝን ሁሉ እንደዚሁ ብዬ መልሻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እጁን ልንመልስለት ብለን እሱን ጣልነው።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በዚያ ወለል ላይ ተቀመጠ። ወለሉ የሚያምር መሆኑን ያልተናገረ የለም። ማን እንዳነጠፈው ሲሰሙ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ጋሼ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እህቴ አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም፤ ቀናም ብላ አላየቻቸውም። ዶክተሯም መጣች። ጋሼ ስትገባ አይተው በጓሮ በር ወጡ።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እህቴ የሥራ ዕቃዎቹን ለጋሼ አድርሺልኝ አለችኝ፤ ቤት ውስጥ ማየት አልቻለችም። የጎማ መዶሻውን፣ ሲባጎውን፣ ያችን ውሃ ልኩን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ቶርኖው አይሠራም፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መስኮቱ ባዶ ነበር። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። ሁለቱ ፊልሞች ፊታቸው ተዘርግተዋል፤ በእጃቸው ካሊፐሩን ይዘው አንዱን አንጎል ከጆሮ እስከ ጆሮ ይለካሉ፣ ከዚያ ሌላውን። እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ።

"መርዶው የመጣ ዕለት ከመስኮቱ ነጭቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ግራና ቀኙ ተደባለቀብኝ። የሱን ቁጥር ይዤው አልነበረም። የራሴንም አልያዝኩት።"

ከረጢቱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩ።

"ለለቅሶው የወጣውን ፎቶውን ሚስቱ ትያዘው፤ የሷ ነው። እኔ ይቺን የአንጎሉን ፊልም ልይዝ ብዬ ነበር።"

"ዶክተሯ ታውቃለች። ቁጥሩ እሷ ዘንድ አለ" አልኳቸው።

"በምን ዓይኔ አይቻት?"

ከዚያ ሁለቱንም አነሱና ወደ እኔ ዘረጉልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፊልሞቹ እስኪንኮሻኮሹ ድረስ። "አንቺ ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ስፌት ትለያለሽ። እስቲ እዪልኝ። የሱ የትኛው ነው?"

ምላሴ ላይ የመጣውን እኔ ነኝ የማውቀው። ልዩነት የላቸውም ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም ወይ ልል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ፊልሞቹን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጄ ወደ ብርሃኑ አነሳኋቸው። ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ረጅም ጊዜ አየሁ፤ እሳቸውም በትከሻዬ ሥር አንገታቸውን አስግገው አዩ። እኔም አላወቅኩትም።